ሰርጌይ ኤይዘንስታይንና የታሪክ ፊልም ፈተና

በሲኒማ ቤት ተቀምጦ አንድ ሺህ ፈረሰኛ ሲጋልብ፣ ምሽግ ሲፈርስ፣ ንጉሥ ዘውድ ሲጭን የሚመለከት ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ብዙ ጊዜ የሚያሳስበው ነገር ይህ ሁሉ ሕዝብ ከየት እንደ ተሰበሰበና ይህ ሁሉ ልብስ በማን ገንዘብ እንደ ተሰፋ ነው። ማሰቡ ተገቢ ነው፤ የታሪክ ፊልም ከሌላው ፊልም ሁሉ ይበልጥ ገንዘብ፣ ጉልበትና ጊዜ የሚፈጅ ሥራ ነውና። ዳሩ ግን ገንዘቡን የሰጠው ወገን በምላሹ ምን እንደሚፈልግ የሚጠይቅ ተመልካች ጥቂት ነው። ዛሬ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ዝነኛው የሩሲያ የፊልም አዘጋጅ ሰርጌይ ኤይዘንስታይን በረዶውንና ፈረሱን፣ ጥሩሩንና ዘውዱን ማሰናዳት አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ነበረ። ዕድሜውን ሙሉ ሲታገለው የኖረው ፈተና ሁለተኛው ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ኤይዘንስታይን በጃንዋሪ 22 ቀን 1898 ዓ.ም. ሪጋ በምትባለው ከተማ ተወለደ። ሪጋ ዛሬ የላትቪያ ዋና ከተማ ናት፤ በዚያን ጊዜ ግን በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ነበረች። አባቱ ሚካኤል የታወቀ የሕንጻ መሐንዲስ ነበረ። በሪጋ የሠራቸው፣ በአራዊትና በሰው ፊት ቅርጽ ያጌጡት ቤቶች ዛሬም የከተማይቱ ጌጦች ሆነው ይጎበኛሉ። ባልና ሚስቱ ስላልተስማሙ ትዳራቸው ፈረሰ፤ ልጁም አብዛኛውን የልጅነት ጊዜውን ከአባቱ ጋር አሳለፈ። አባቱ ልጁ የእርሱን ሙያ እንዲይዝ ስለ ፈለገ ወጣቱ በፔትሮግራድ ወደሚገኘው የመሐንዲሶች ትምህርት ቤት ገባ።

በ1917 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ። በተከታዩ ዓመት ልጅ ወደ ቀዩ ጦር ገባ፤ አባት በተቃራኒው ወገን ቆመ። ተማሪው መሐንዲስ በጦሩ ውስጥ ምሽግ ሲያሠራ ቆይቶ፣ በዕረፍት ሰዓቱ ለወታደሮች ትያትር መድረክ ሲያስጌጥና ሥዕል ሲሥል ልቡ ከምሽጉ ይልቅ ወደ መድረኩ አደላ። በ1920 ዓ.ም. ወደ ሞስኮ የሄደው የጃፓን ቋንቋ ለመማር ነበረ። ነገሩ ለጊዜው እንግዳ ይመስላል፤ ሆኖም ኋላ ለሥራው ብዙ የጠቀመው ይኸው የጃፓን ጽሕፈት ነው። በዚያ ጽሕፈት የዓይን ምልክትና የውኃ ምልክት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ማልቀስ ማለት ይሆናል። ሁለቱ ነገሮች በየራሳቸው ሳሉ የሌለው ሦስተኛ ሐሳብ ሲገጥሙ ይወለዳል ማለት ነው። ኤይዘንስታይን ፊልምም እንዲሁ ነው አለ፤ አንዱን ሥዕል ከሌላው ጋር በማጋጨት በሁለቱም ያልነበረ ስሜት በተመልካቹ ልብ ማስነሣት ይቻላል። ይህን ጥበብ ሞንታዥ ብለው ይጠሩታል። በቅኔ ቤት ያለፈ አንባቢያችን ነገሩን ከማንም ፈጥኖ ሳይረዳው አይቀርም።

በሞስኮ የታላቁ የትያትር መምህር የሜየርሆልድ ደቀ መዝሙር ሆነ። ከዚያም ወደ ሲኒማ ተሻግሮ በ1925 ዓ.ም. ሁለት ፊልሞች አወጣ። አንደኛው የሠራተኞች አድማ ታሪክ ነበረ። ሁለተኛው የጦር መርከብ ፖተምኪን የተባለው ሲሆን የ27 ዓመት ወጣት የነበረውን አዘጋጅ በአንድ ጊዜ በዓለም ሁሉ ዝነኛ አደረገው። ታሪኩ በ1905 ዓ.ም. በጥቁር ባሕር ላይ በአንድ መርከብ የተነሣው የመርከበኞች ዐመፅ ነው። በኦዴሳ ከተማ ረጅም የድንጋይ ደረጃ ላይ ወታደሮች እየተኮሱ ሲወርዱ፣ እናት ስትወድቅ፣ ሕፃን የተኛበት ጋሪ ብቻውን ደረጃውን ሲንከባለል የሚታይበትን ክፍል ያየ ሰው አይረሳውም። እዚህ ላይ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር እንዲያውቁት እንፈልጋለን። በኦዴሳ በዚያ ዓመት ደም መፍሰሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን በደረጃው ላይ ፊልሙ እንዳሳየው ያለ ፍጅት አልተፈጸመም። ያም ሆኖ ዛሬ ስለ ኦዴሳ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያስበው ደረጃውን ነው። ፊልሙ ታሪኩን ተክቶ ተቀመጠ። ይህ ኃይል የመንግሥት ሰዎችን ዓይን ሳያመልጥ የሚቀር አልነበረም።

በ1927 ዓ.ም. የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት ሲከበር ኤይዘንስታይን ጥቅምት የተባለውን ፊልም እንዲያዘጋጅ ታዘዘ። ዛሬ ቅዱስ ጴጥሮስ ተብላ በጥንት ስሟ በምትጠራው፣ በዚያን ጊዜ ሌኒንግራድ በነበረችው ከተማ የክረምት ቤተ መንግሥት በሙሉ ተለቀቀለት፤ ሕዝብና ወታደር በሺህ እየተቆጠረ ተሰጠው። ይህን የመሰለ ርዳታ ያገኘ የፊልም አዘጋጅ እስከዚያ ቀን ድረስ እምብዛም አልታየም። ሥራው ሊያልቅ ሲል ግን ከአብዮቱ መሪዎች አንዱ የነበረው ትሮትስኪ ከፓርቲው ተባረረ። ስለዚህ አዘጋጁ ፊልሙን እንደ ገና ዘርግቶ፣ መቀስ ይዞ፣ ትሮትስኪ የሚታይበትን ሁሉ እየቆረጠ እንዲያወጣ ሆነ። ፊልሙም በበዓሉ ቀን ሳይደርስ ቀርቶ በ1928 ዓ.ም. ወጣ። ዐሥር ዓመት ብቻ ያለፈውን፣ ያዩት ሰዎች ገና በሕይወት ያሉበትን ታሪክ እንዲህ ማስተካከል ከተቻለ፣ ከሰባት መቶ ዓመት በፊት የሆነውን ማስተካከል ምን ያስቸግራል?

ከዚህ በኋላ ያለፉትን ጥቂት ዓመታት በአጭሩ እናልፋቸዋለን። ኤይዘንስታይን በ1929 ዓ.ም. ከአገሩ ወጥቶ አውሮፓን ዞረ፤ በተከታዩ ዓመት ወደ ሆሊዉድ ተሻገረ። እዚያም ያቀረባቸውን ድርሰቶች ኩባንያው አልቀበልም አለው። ከዚያ በአሜሪካዊው ደራሲ በአፕተን ሲንክሌር ገንዘብ ወደ ሜክሲኮ ሄዶ ከአንድ ዓመት በላይ ፊልም ሲያነሣ ቆየ። ነገር ግን ገንዘቡ አለቀ፤ ሥራው ተቋረጠ፤ ያነሣውም ፊልም ሁሉ በባለ ገንዘቡ እጅ ቀረ። ኤይዘንስታይን ያንን ፊልም አቀናብሮ የመጨረስ ዕድል ከቶ አላገኘም። በካፒታሊስቱም አገር ቢሆን ገንዘብ የሰጠ እንደሚያዝዝ በሚገባ ተማረ።

በ1932 ዓ.ም. ወደ ሞስኮ ሲመለስ ያገኛት ሞስኮ የተዋትን አልነበረችም። በፊልም ትምህርት ቤት ማስተማር ያዘ። የቤዢን መስክ የተባለውን ፊልም ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል ከደከመበት በኋላ በማርች 1937 ዓ.ም. ከበላይ አቁም ተባለ። ፊልሙ ራሱ ጠፋ። አዘጋጁም ስሕተቱን በይፋ የሚናዘዝ ጽሑፍ ጽፎ እንዲያወጣ ተገደደ። እኛ ዛሬ በወንበራችን ላይ ተቀምጠን ስለ ጻፈው ኑዛዜ ብንወቅሰው ቀላል ነው። ዳሩ ግን ዘመኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። በድርሰቱ የረዳው ደራሲ ባቤል በ1940 ዓ.ም. ተገደለ። መምህሩ ሜየርሆልድም በዚያው ዓመት ተገደለ። ሥራውን ያስቆመው የፊልም ሹም ሹምያትስኪ እንኳ በ1938 ዓ.ም. በጥይት ተመታ። ኤይዘንስታይን በዚህ ሁሉ መካከል የመምህሩን የሜየርሆልድን ጽሑፎችና ወረቀቶች ተቀብሎ ከከተማ ውጭ ባለው ቤቱ ደብቆ አስቀመጠ። ወረቀቶቹ ቢገኙበት የሚደርስበትን ያውቅ ነበረ። በአደባባይ የተናዘዘውና በቤቱ ወረቀት የደበቀው አንድ ሰው ነው፤ ታሪኩን የሚያነብ ሁሉ ሁለቱንም አብሮ ይያዝለት።

ከዚህ ጭንቀት ያወጣው የታሪክ ፊልም ነበረ። የናዚ ጀርመን ኃይል በሚያስፈራበት ጊዜ መንግሥቱ ሕዝቡን የሚያነቃቃ ሥራ ፈለገ። ልዑል አሌክሳንደር ኔቭስኪ በኤፕሪል 5 ቀን 1242 ዓ.ም. በቹድ ሐይቅ በረዶ ላይ የጀርመን ፈረሰኞችን ድል ያደረገበት ታሪክ ተመረጠ። ጊዜው ስለ ቸኮለ በረዶው እስኪመጣ መጠበቅ አልተቻለም። ስለዚህ የክረምቱ ጦርነት በ1938 ዓ.ም. በኃይለኛው የሙቀት ወራት በሞስኮ አጠገብ ተነሣ። መሬቱ ተደልድሎ አስፋልትና የቀለጠ ብርጭቆ ፈሰሰበት፤ ዛፎቹ ቀለም ተቀብተው ጠመኔ ተነሰነሰባቸው፤ በሩቅ የሚታየው አድማስ በአሸዋ ተሠራ። ተዋንያኑ የብረት የራስ ቁር ደፍተው፣ ጥሩርና ከባድ ካባ ለብሰው በፀሐይ ሲቀቀሉ፣ ተመልካቹ ግን የሚያየው ብርድ ነው። በረዶው ከፈረሰኞቹ በታች የሚሰበርበትም ጊዜ አስቀድሞ በስሌት ተወስኖ ነበረ። የመሐንዲሶች ትምህርት ቤት ዕውቀት በከንቱ አልቀረም ማለት ይቻላል።

ሙዚቃውን የደረሰው ታላቁ ሰርጌይ ፕሮኮፊዬቭ ነው። ሁለቱ ሰዎች የሠሩበት መንገድ ለሙያው እንግዳ ነበረ። አንዳንድ ጊዜ ፕሮኮፊዬቭ የተነሣውን ፊልም ማታ አይቶ በማግሥቱ ሙዚቃውን ጽፎ ያመጣ ነበረ፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሙዚቃው አስቀድሞ ይደረስና ኤይዘንስታይን ሥዕሉን በዜማው ልክ ይቆርጠው ነበረ።

ፊልሙ በ1938 ዓ.ም. መጨረሻ ወጥቶ እጅግ ተደነቀ፤ አዘጋጁም የሌኒን ኒሻን ተሸለመ። ይሁን እንጂ በኦገስት 1939 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረትና ናዚ ጀርመን የሰላም ውል ሲፈራረሙ፣ ጀርመኖች የሚሸነፉበት ፊልም ከየሲኒማ ቤቱ ተነሣ። ጀርመኖችን በሐይቅ ውስጥ ያሰጠመው ኤይዘንስታይን ራሱ በ1940 ዓ.ም. በቦልሾይ ትያትር የጀርመናዊውን የዋግነርን ኦፔራ እንዲያዘጋጅ ተደረገ። በጁን 1941 ዓ.ም. ሂትለር ወረራውን ሲጀምር ደግሞ ያው ፊልም ከተቀመጠበት ወጥቶ በየቦታው መታየት ጀመረ። በፊልሙ ውስጥ አንዲት ሥዕል አልተለወጠችም። የተለወጠው ከውጭ ያለው ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር እንጨምር። በ1942 ዓ.ም. የአሌክሳንደር ኔቭስኪ ኒሻን ሲቋቋም የልዑሉ መልክ የሚታይበት በዘመኑ የተሣለ ሥዕል ስላልነበረ፣ በኒሻኑ ላይ የተቀረጸው በፊልሙ ልዑሉን ሆኖ የሠራው የተዋናዩ የኒኮላይ ቼርካሶቭ መልክ ነው። የታሪክ ሊቃውንት ደግሞ በረዶው ተሰብሮ ፈረሰኞቹ ሰጠሙ የሚለው ነገር በጥንቶቹ ዜና መዋዕሎች እንደማይገኝ፣ ጦርነቱም ፊልሙ እንዳሳየው ሰፊ እንዳልነበረ ያስረዳሉ። እንደ ኦዴሳ ደረጃ ሁሉ እዚህም ሕዝብ የያዘው ፊልሙን ነው።

አሁን ወደ መጨረሻውና ወደ ትልቁ ሥራው ደርሰናል። በጃንዋሪ 1941 ዓ.ም. የስታሊን ሹም ዣዳኖቭ ኤይዘንስታይንን ጠርቶ ስለ ዛር ኢቫን ፊልም እንዲያዘጋጅ ነገረው። አስፈሪው የሚባለው ኢቫን በ1547 ዓ.ም. ዘውድ ጭኖ በ1584 ዓ.ም. የሞተ፣ በአገራችን በዓፄ ገላውዴዎስ፣ በዓፄ ሚናስና በዓፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን የነበረ ንጉሥ ነው። ካዛንን ይዞ ግዛቱን አሰፋ፤ ኦፕሪችኒኪ በሚባሉ ልዩ ጭፍሮቹም መኳንንቱን ፈጀ። ስታሊን ይህን ንጉሥ ይወደው ነበረ። አገርን አንድ ያደረገ፣ ጠላትን ያጠፋ ብልህ መሪ ሆኖ እንዲታይ ፈለገ። ለምን እንደ ፈለገው ለኤይዘንስታይን ማስረዳት አያስፈልግም ነበረ።

አዘጋጁ መጽሐፍ እያገላበጠ፣ የእያንዳንዱን ሥዕል አቀማመጥ አስቀድሞ በእርሳስ እየነደፈ ሺህ በሺህ ወረቀት ሞላ። ሥራው ሳይጀመር ግን ጦርነቱ መጣ። ጠላት ወደ ሞስኮ ሲቃረብ በኦክቶበር 1941 ዓ.ም. የፊልም ስቱዲዮዎች ከነሠራተኞቻቸው ዛሬ አልማቲ ወደምትባለው ወደ አልማ አታ፣ ወደ ካዛክስታን ተጓዙ። ፊልሙ መነሣት የጀመረው በኤፕሪል 1943 ዓ.ም. ነው። ቀን ቀን ኤሌክትሪኩ ለጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች ስለሚያስፈልግ ሥራው የሚሠራው ሌሊት ነበረ። እንጨቱም፣ ጨርቁም፣ ምግቡም በጦርነት ጊዜ ልክ የሚገኝ ነው። በዚህ ችግር መካከል የክሬምሊን አዳራሾች፣ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳዎች፣ በወርቅ ጥልፍ የከበዱ የመኳንንት ልብሶች ተሠሩ። የካዛን ከበባ በዚያው በአልማ አታ አካባቢ ሜዳ ላይ ተነሣ። ተዋንያኑ ሌሊቱን ሙሉ በከባድ ልብስ ጎንበስ፣ ጠመም ብለው እንዲቆሙ ይታዘዙ ነበረ። ኢቫንን ሆኖ የሠራው ያው ቼርካሶቭ ኋላ በጻፈው ማስታወሻ ይህ ትእዛዝ እንዳስመረረው አልሸሸገም። እኛም ፊልሙን ስናይ ተዋንያኑ ከሕያዋን ይልቅ የግድግዳ ላይ ሥዕል የሚመስሉበት ጊዜ እንዳለ እንመሰክራለን።

የመጀመሪያው ክፍል በጃንዋሪ 1945 ዓ.ም. ወጣ። ወጣቱ ዛር ዘውድ ይጭናል፤ ካዛንን ይይዛል፤ ሚስቱን በመርዝ ያጣል፤ ከሞስኮ ወጥቶ ሲቀመጥም ሕዝቡ በበረዶው ላይ እንደ እባብ በተጠማዘዘ ረጅም ሰልፍ ሄዶ ተመለስልን ብሎ ይለምነዋል። ስታሊን ተደሰተ፤ በ1946 ዓ.ም. መጀመሪያም ፊልሙ የስታሊንን ሽልማት አገኘ።

ኤይዘንስታይን በዚያው ጊዜ ሁለተኛውን ክፍል እየጨረሰ ነበረ። በፌብሩዋሪ 2 ቀን 1946 ዓ.ም. ሽልማቱ በተከበረበት የጭፈራ ግብዣ ላይ የልብ ሕመም ጣለው። ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ ስታሊን ሁለተኛውን ክፍል አየ።

በዚህ ክፍል ኢቫን ድል አድራጊ አይደለም። ብቻውን የቀረ፣ በእያንዳንዱ ጥላ ጠላት የሚያይ፣ ገድሎ የሚያለቅስ፣ አልቅሶ የሚገድል ሰው ነው። አክስቱ ኤፍሮሲኒያ ልጇን ቭላዲሚርን በዙፋኑ ለማስቀመጥ ታሤራለች። ኢቫን ሤራውን ባወቀ ጊዜ የዋሁን ቭላዲሚርን በግብዣ ላይ አስክሮ የራሱን የንግሥ ልብስና ዘውድ ያለብሰዋል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያንም ይልከዋል፤ በጨለማ የሚጠብቀው ነፍሰ ገዳይ ዛሩን የወጋ መስሎት ልጁን ይወጋዋል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ሲሆን፣ ጭፍሮቹ የሚጨፍሩበት ይህ ግብዣ ከጀርመኖች በተማረከ የቀለም ፊልም ስለ ተነሣ ድንገት ቀይና ወርቅ ሆኖ ይነድዳል። ባልንጀሮቹ የፊልም ሰዎች ሥራውን ባዩ ጊዜ የፈሩት አለ ምክንያት አልነበረም። የታዘዘው ሐውልት ነበረ፤ ያቀረበው ግን መስተዋት ነው።

ፊልሙ ታገደ። በሴፕቴምበር 4 ቀን 1946 ዓ.ም. የወጣው የፓርቲው ውሳኔ ጠንካራውን ዛር ፈቃደ ቢስ፣ የዛሩንም ጭፍሮች እንደ ወንበዴ አድርገህ አሳየህ ብሎ በአደባባይ ነቀፈው። ኤይዘንስታይን እንደ ልማዱ ስሕተቱን የሚያምን ጽሑፍ አወጣ፤ ፊልሙን አስተካክሎ ለመጨረስም እንዲፈቀድለት ከቼርካሶቭ ጋር ለስታሊን ደብዳቤ ጻፈ።

በፌብሩዋሪ 25 ቀን 1947 ዓ.ም. ከምሽቱ በአምስት ሰዓት ሁለቱ ወደ ክሬምሊን ተጠሩ። ስታሊን፣ ሞሎቶቭና ዣዳኖቭ ነበሩ። ሁለቱ እንግዶች ከወጡ በኋላ የሰሙትን አስጽፈው ስላስቀመጡ የሌሊቱ ጭውውት ለታሪክ ተርፏል። ስታሊን የኢቫን ጥፋት መግደሉ ሳይሆን አጥርቶ አለመግደሉ፣ አምስት ታላላቅ ቤተ ሰቦችን ሳያጠፋ መተዉ መሆኑን አስረዳ። ንጉሡ ሚስቱን የሚስምበት ጊዜ መርዘሙም ተነገረ። ዣዳኖቭ ደግሞ የኢቫን ጢም በዛ አለ፤ ኤይዘንስታይንም አሳጥረዋለሁ ብሎ ተስፋ ሰጠ። ለማረሚያው ስንት ጊዜ እንደሚያስፈልግ ሲነሣ ስታሊን መቸኮል የለበትም፣ ሁለትም ሦስትም ዓመት ቢፈጅ ምንም አይደል ሲል አሰናበታቸው።

ይህ ሰው ቀድሞ ትሮትስኪን በመቀስ ቆርጦ ያወጣ፣ ኑዛዜም የጻፈ ነው። በዚህ ጊዜ ግን ፊልሙን አልነካውም። ልቡ በመድከሙ ይሁን በመጽናቱ መለየት ያስቸግራል፤ ሐኪሞች ሥራ ከልክለውት ነበረ፤ ሆኖም በዚያው ጊዜ ስለ ፊልም ጥበብና ስለ ገዛ ሕይወቱ ብዙ ጽፏል፤ ተማሪዎቹንም አልተወም። እኛ የምናደላው ሁለተኛውን ወደ ማመን ነው። ጊዜ ተሰጥቶት ነበረና ጊዜውን ወሰደው።

በፌብሩዋሪ 11 ቀን 1948 ዓ.ም. ሌሊት ስለ ቀለም ፊልም ሲጽፍ ልቡ ቆመ። ዕድሜው ኀምሳ ዓመት ከሃያ ቀን ነበረ። በሞስኮ በኖቮዴቪቺ መቃብር ተቀበረ።

ስታሊን በማርች 5 ቀን 1953 ዓ.ም. ሞተ። የሁለቱንም ታሪክ ፊልሞች ሙዚቃ የደረሰው ፕሮኮፊዬቭ የሞተው በዚያው ቀን ሲሆን፣ ከተማው በመሪው ልቅሶ ተይዞ ስለ ነበረ የእርሱን ቀብር ያጀበው ሰው ጥቂት ነበረ። የታገደው ሁለተኛ ክፍል አዘጋጁ ከሞተ ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1958 ዓ.ም. ለሕዝብ ታየ። ሊሠራ ከታሰበው ሦስተኛ ክፍል የተነሣው ጥቂት ነበረ፤ አብዛኛው ጠፍቶ የቀረው ለደቂቃዎች ብቻ የሚታይ ቁራጭና በእርሳስ የተነደፉት ሥዕሎች ናቸው። የኢቫንም ጢም ኤይዘንስታይን እንደ ተወው ረጅም ሆኖ ይታያል።